መምሰልና ማስመሰል

በአማርኛ «መሰለ» ከሚለው ግሥ የሚወለዱት ቃላት የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ሲሆኑ ክብራቸው ግን እኩል አይደለም። ምስል፣ ምሳሌ፣ አምሳል፣ አምሳያ የሚባሉት በመልካም ስፍራ የሚነገሩ ናቸው፤ መምህር ያለ ምሳሌ አያስተምርም፣ ሠዓሊም ያለ ምስል ሠዓሊ አይባልም። «አስመሳይ» የሚለው ግን ወዳጅን ከወዳጅ የሚያቀያይም ስድብ ነው። ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት አንዱ ወደ ክብር፣ ሌላው ወደ ነውር ያዘነበሉት በምን ምክንያት ነው? ሌላ ነገርን መስሎ የተሠራ ነገር እውነተኛ ሥራ የሚሆነው መቼ ነው? ሐሰት የሚሆነውስ መቼ ነው? ጥያቄው የሰዋስው ብቻ አይደለም። የሥነ ጥበብም የግብረ ገብም ጥያቄ ነው፤ በመርካቶ፣ በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ ደግሞ ሲብስ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

አውቶቡስ ተራ በአዲስ አበባ በአዲስ ከተማ ክልል የሚገኝ የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያ ነው። ሥራው ከጊዜ በኋላ ለላምበረት፣ ለቃሊቲ፣ ለአስኮና ለአየር ጤና መናኸሪያዎች ቢከፋፈልም፣ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው መንገደኛ ለብዙ ዘመን አዲስ አበባን የተዋወቀው በዚህ በር ነው። በዙሪያው የመለዋወጫ ሻጮች፣ ጎማ ጠጋኞች፣ ብረት በያጆችና ቀለም ቀቢዎች ተኮልኩለው ይኖራሉ። ከመርካቶ ሳይወጡ፣ ምናለሽ ተራ ላይ ደግሞ ያረጀ በርሜል ምድጃ፣ ያለቀ ጎማ ጫማ፣ ባዶ ጣሳ ኩራዝ እየሆነ ዳግመኛ ይወለዳል።

በዚህ አካባቢ ሦስት ዓይነት አምሳያ ሠሪዎችን ለይቶ ማየት ይቻላል። አንደኛው ከሽቦና ከጣሳ ትንሽ አውቶቡስ የሚሠራው ልጅ ነው። ሁለተኛው በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል ቀጥቅጦ የሚያቆመው ባለሙያ ነው። ሦስተኛው ተራ ዕቃን በታወቀ ፋብሪካ ስምና ካርቶን አሽጎ ለገበያ የሚያቀርበው ነው። ሦስቱም ሌላ ነገርን ያስመስላሉ፤ ሦስቱም የሠለጠነ እጅ አላቸው። ልዩነታቸው እንግዲህ በእጃቸው ላይ ካልሆነ በምን ላይ ነው?

ትንሿ አውቶቡስ

የሽቦ መኪና በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች ያደገ ሰው የሚያውቀው የልጆች ዕደ ጥበብ ነው። ከውጭ የሚገባው የፕላስቲክ መጫወቻ ገበያውን ቢያጥለቀልቀውም ሙያው ፈጽሞ አልጠፋም። ልጁ በመጀመሪያ ጠንካራ ሽቦ እያጠፈ አጽሙን ያቆማል። ቀጥሎ የዘይት ወይም የወተት ጣሳ ቀድዶ፣ በድንጋይ ደልድሎ፣ ጎንና ጣራ አድርጎ ያለብሰዋል። ጎማው ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ ክብ ወይም የለስላሳ ቆርኪ ነው። ከፊት ጎማዎቹ ጋር የተያያዘ ረጅም ሽቦ እስከ ልጁ ደረት ይደርስና ጫፉ ክብ ሆኖ ይጠቀለላል፤ እርሱ መሪ ነው። ከጋራዥ የተረፈ ቀለም ከተገኘ ይቀባል። ካልተገኘ የጣሳው ጽሑፍ ተዘቅዝቆም ቢሆን በአውቶቡሷ ጎን እንደ ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራል።

ለላይ ለላይ ተመልካች ይህ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ነገር ግን ትንሿን ለመሥራት ትልቁን እንደ መንገደኛ ሳይሆን እንደ ተማሪ ማየት ያስፈልጋል። የመስኮቶቹ ቁጥር ስንት ነው? በሩ ከፊት ጎማው በስተኋላ ነው ወይስ በስተፊት? ወደ ፖርቶመጋላው የሚያወጣው መሰላል በየትኛው በኩል ነው? በየቀኑ በአውቶቡስ የሚሳፈረው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ መሰላሉ በቀኝ ይሁን በግራ ተጠይቆ ሳይጠራጠር የሚመልሰው ግን ጥቂት ነው። ልጁ ይመልሳል፤ ምክንያቱም ዓይኑ የዘለለውን እጁ ሊሠራው አይችልም።

ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ክሎድ ሌቪ-ስትሮስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው «ያልተገራ አስተሳሰብ» በተባለ መጽሐፉ ስለ ትናንሽ አምሳያዎች የተናገረው ለዚህ ይጠቅማል። በእርሱ አመለካከት አንድን ግዙፍ ነገር የምናውቀው ክፍል በክፍል እየዞርን ነው፤ ሲያንስ ግን ሁለንተናው ከክፍሎቹ ቀድሞ በአንድ ጊዜ ይታያል። ትንሽ አድርጎ የሚሠራ ሰው እንዲሁ የሚገለብጥ አይደለም፤ የሚተወውንና የሚያስቀረውን እየመረጠ ስለሚሠራ እያንዳንዱ ምርጫው አንድ ፍርድ ነው። ሌቪ-ስትሮስ በዚያው መጽሐፍ በእጁ በተገኘው ቁርጥራጭ ብቻ ችግሩን የሚፈታውን ሠራተኛ የአስተሳሰብ ምሳሌ አድርጎ አቅርቦታል። ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የሽቦዋ አውቶቡስ ሞተር የላትም፤ መሪ ግን አላት። ልጁ ከትልቁ አውቶቡስ ውስጥ የመረጠው ኃይሉን ሳይሆን አቅጣጫ የመስጠት ሥልጣኑን ነው። ይህም ፍርድ ነው።

ዋናው የሌለው ቅጂ

ትልቅን አሳንሶ መሥራት የልጆችና የድሆች ሙያ ብቻ ተደርጎ እንዳይታሰብ፣ ሥራው በኢንዱስትሪ ደረጃ ወደ ደረሰበት ወደ ጃፓን መመልከት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በጃፓን ቴሌቪዥን «ጋንዳም» የተባለ ተከታታይ የሥዕል ፊልም መታየት ጀመረ። በታሪኩ ውስጥ ሰዎች ሆዱ ውስጥ ገብተው የሚያንቀሳቅሱት ሰው መሰል ግዙፍ የብረት መሣሪያ አለ፤ ቁመቱም 18 ሜትር ነው ተብሏል። በተከታዩ ዓመት፣ በ1980፣ ባንዳይ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ግዙፍ በ1/144 መጠን፣ ይኸውም 12.5 ሳንቲ ሜትር አድርጎ፣ በ300 የን ለገበያ አቀረበው። የቀረበው ግን ያለቀ መጫወቻ አልነበረም። በሣጥኑ ውስጥ የሚገኘው በብረት ፎርማ የወጣ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ክንዱ፣ ጉልበቱ፣ ጋሻው ሁሉ እንደ ፍሬ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ የአሠራር መመሪያም አብሮ አለ። ገዢው እያንዳንዱን ክፍል በፒንሳ ይቆርጣል፤ የተቆረጠበትን ጠባሳ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ይገጣጥማል፤ ቀለም ይቀባል። ዛሬ ያለ ሙጫ የሚጋጠሙ፣ ፕላስቲካቸው ገና ከፋብሪካው በየቀለሙ ተለይቶ የሚወጣ ሞዴሎች ተስፋፍተዋል። ቢሆንም ብርቱዎቹ ሠሪዎች ብሩሻቸውን አልጣሉም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለያዝነው ጥያቄ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ቅጂው ሲሸጥ ዋናው በዓለም ላይ አለመኖሩ ነው። 18 ሜትር ቁመት ያለው ግዙፍ በወረቀትና በፊልም ላይ እንጂ በምድር ላይ ቆሞ አያውቅም ነበር። በቁመቱ ልክ የተሠራ ሐውልት በቶኪዮ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ እግርና ክንዱን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ግዙፍ ደግሞ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2024 መጋቢት ድረስ በዮኮሃማ ወደብ ለሕዝብ ታይቷል። እንግዲህ ትንሹ ቀድሞ ትልቁ ተከተለ፤ ቅጂው ዋናውን ወለደ ማለት ነው። ስለዚህ «ይህ ቅጂ እንጂ ፈጠራ አይደለም» ብሎ ትናንሽ ሥራዎችን የሚንቅ ሁሉ ከመፍረዱ በፊት የትኛው የየትኛው ቅጂ እንደ ሆነ ሊመረምር ይገባዋል።

ሁለተኛው የቀለም ነገር ነው። የሠለጠኑት ሞዴል ሠሪዎች ሥራቸውን አዲስና አብረቅራቂ አድርገው አይተውትም። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ዝገት ይስላሉ፤ በእግሩ ላይ ጭቃ፣ በጭስ መውጫው ዙሪያ ጥላሸት፣ በጋሻው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ብረት የታየ የሚያስመስል ጭረት ያኖራሉ። ትናንት ከፋብሪካ የወጣው ፕላስቲክ በዘመቻ የኖረ አሮጌ ብረት ይመስላል። ይህ ግልጽ ማስመሰል ነው፤ ሆኖም የሚታለልበት ሰው የለም። ተመልካቹ በመዳፉ የሚያነሣው ነገር ፕላስቲክ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ዝገቱ የተሳለው ተመልካቹን ስለ ዕቃው ዕድሜ ለማሳሳት ሳይሆን፣ ያገለገለ ነገር ሁሉ የአገልግሎቱን ታሪክ በገላው ላይ እንደሚሸከም ለማሳየት ነው።

በገበያ መካከል ግን ቀለም ተቃራኒውን ሲሠራ ይገኛል። የበሰበሰ ላሜራ በስቱኮ ይደፈንና ላዩ ይቀባል፤ ያለቀ መለዋወጫ ታጥቦ፣ ተወልውሎና ቀለም ለብሶ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ይቀርባል። አንደኛው ቀቢ አዲሱን አሮጌ ያስመስላል፤ ሌላኛው አሮጌውን አዲስ ያስመስላል። ብሩሹ አንድ ነው፣ ጥበቡም አንድ ሊሆን ይችላል። የሚለየው ተቀባዩ ስለሚይዘው ነገር የሚያውቀው ነው። የመጀመሪያው ቀቢ ሥራውን የሚያሳየው ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ግን ሥራው እንዲሳካለት ተቀባዩ አለማወቅ አለበት። በመምሰልና በማስመሰል መካከል ያለው ወሰን የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው።

መመሪያውና ነፃነቱ

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቀባዩ ባይታለልም እንኳ፣ ሌላው ያሰበውን በመመሪያ እየተከተሉ መገጣጠም ወይም የባዕድን መኪና በሽቦ መድገም አእምሮን ለጥገኝነት ያለማምዳል የሚል ነው። ራሱን የቻለ ሕዝብ የራሱን ይፈጥራል እንጂ የሌላውን አይገለብጥም ይባላል።

ተቃውሞው በቅን ልብ የሚቀርብ ነው፤ ነገር ግን ሰው እንዴት እንደሚማር ይዘነጋል። የቅኔ ተማሪ በጉባኤ ቃና ሲጀምር የራሱን ምሥጢር ከማፍለቁ በፊት የመምህሩን አካሄድ ይከተላል፤ ልኩን ይቆጥራል፤ የሌሎችን ቅኔ ያጠናል። በኋላ ባለቅኔ ሲሆን ጥገኛ ነበር ብሎ የሚነቅፈው የለም። ልክን መከተል የነፃነት ጠላት የሚሆነው ተማሪው ከልኩ በላይ እንዳይሄድ የተከለከለ እንደ ሆነ ነው።

የአገራችንም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የአውሮፓ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠራላቸው ያዘዙት፣ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ለአገራቸው ስለ ፈለጉ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ሥራው ግን አልቆመም። በመጨረሻ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠርቶ በሰው ኃይል እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያው በመቅደላ ሲወድቁ የጋፋት ትምህርት ቤትም አብሮ ተቋረጠ። የሴባስቶፖል አምሳያ ዛሬ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል። ይተኮሳል ብሎ የሚጠብቅ መንገደኛ የለም፤ ዋናው በመቅደላ እንዳለም አምሳያው አይክድም። እንዲያውም ወደ ዋናው እንድናስብ የሚያደርገን አምሳያ መሆኑን ስለማይሸሽግ ነው።

በአውቶቡስ ተራ ሁለተኛው አምሳያ ሠሪ የምንለው የአውቶቡስ አካል ሠሪ የሚቆመው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ይወሰዳል፤ ላሜራ ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦና ተበይዶ ወንበርና መስኮት ያለው ማመላለሻ ይሆናል። ቅርጹ የፋብሪካውን አውቶቡስ ይመስላል። ሕዝቡ ግን ስም ሲያወጣለት «ቅጥቅጥ» አለው። ይህ ስም የሥራውን ታሪክ በአንድ ቃል ይናገራል፦ ይህ መኪና በመዶሻ የተሠራ ነው፣ ሠሪውም እዚሁ አለ። ስሙ እንዲህ በግልጽ ስለሚናገር መንገደኛውም፣ መካኒኩም፣ መርማሪውም ቅጥቅጡን ስለ ጥንካሬው ሊጠይቁት፣ ጉድለቱንም ሊነቅፉት ይችላሉ። ግልጽ አምሳያ ለትችት የተጋለጠ ነው፤ ለትችት የተጋለጠ ሥራ ደግሞ የመሻሻል በር አለው።

የፍሬኑ ሸራ

ሦስተኛው አምሳያ ሠሪ የሚሠራው በዚህ በር ላይ ቁልፍ በማድረግ ነው። የፍሬን ሸራን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ደጀን የሚሻገር አውቶቡስ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሸራው በታምቡሩ ላይ ይፋተግና የአውቶቡሱ ፍጥነት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ደኅና ሸራ ሙቀቱን ችሎ መያዙን ይቀጥላል። ደካማው ሸራ ግን ሲግል ይንሸራተታል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይፈረፈራል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥም መኪናው አይታዘዘውም። በካርቶን ውስጥ ሳሉ ሁለቱ ሸራዎች በቀለም፣ በቅርጽ፣ በቁጥር አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚገለጠው ከሸለቆው አጋማሽ ላይ፣ መመለስ በማይቻልበት ስፍራ ነው።

ስለዚህ ሐሰተኛው አምሳያ ከዕቃነቱ በላይ ምስክርነት ነው፤ ያውም የሐሰት ምስክርነት። ካርቶኑ «እኔ ተፈትኛለሁ» ይላል፤ አልተፈተነም። መደብር ለመደብር የሚዞረው ሾፌር የሚገዛው ብረትና ሸራ ብቻ አይደለም፤ በካርቶኑ ላይ የታተመውን ቃል አምኖ እርሱንም ይገዛል። በወንበሩ ላይ የሚያንቀላፉት መንገደኞች ደግሞ ያን ቃል አላዩትም፣ አልሰሙትም፤ ሕይወታቸውን ግን በእርሱ ላይ አስቀምጠዋል። በአገራችን የንግድ ምልክትን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 501/1998፣ ሸማቹን ከሚያሳስት ንግድ ለመከላከል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ወጥተዋል። ሕጉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሕግ ከእያንዳንዱ ካርቶን ኋላ ቆሞ ሊያድር አይችልም። በመርካቶ ቃሉን ጠብቆ የሚነግደው ብዙው ነጋዴም ከሐሰተኛው ጋር አንድ ላይ በጥርጣሬ ሲታይ የጉዳቱ ተካፋይ ይሆናል። አንድ የሐሰት ካርቶን የእውነተኞቹን ሁሉ ቃል ያረክሳል።

ጨዋታው የማን ነው?

ትንሽ አምሳያ ግን የራሱ ወሰን እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ አንድ ነገር ቅርጹ ሳይለወጥ ሲተልቅ ጥንካሬውና ክብደቱ እኩል አያድጉም። 40 ሳንቲ ሜትር የሆነች አውቶቡስ በ30 እጥፍ አድጋ 12 ሜትር ብትሆን፣ የምሰሶዎቿ ውፍረት በስፋት 900 ጊዜ ሲጨምር ክብደቷ 27,000 ጊዜ ይጨምራል። እያንዳንዱ ምሰሶ ከአቅሙ አንጻር 30 እጥፍ ይጨነቃል ማለት ነው። በጠረጴዛ ላይ በሁለት እግሩ የሚቆመው የጃፓኑ ግዙፍ በዮኮሃማ በሙሉ ቁመቱ ሲሠራ ከወገቡ በስተኋላ በብረት መደገፊያ መያዙ ከዚህ የተነሣ ነው። ትንሹ ሥራ ስሕተትን ይቅር ይላል፤ ትልቁ አይልም።

ከዚህ ሕግ አንድ የግብረ ገብ ትምህርት ይገኛል። የሽቦዋ አውቶቡስ ጎማ ቢወልቅ የሚያስከትለው የጓደኞች ሳቅና ሌላ ቆርኪ ፍለጋ ነው። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ በተፈቀደለት ስፍራ ይሳሳታል፣ በስሕተቱም ይማራል። ሐሰተኛውን ሸራ የሚያሽግ ሰው ግን 60 ሰው በጫነ አውቶቡስ ላይ፣ ጎማው ቢወልቅ የሚሳቅ ይመስል ይሠራል። ስለዚህ «መጫወቻ» እና «ቁም ነገር» የሚሉት ቃላት ስፍራቸውን ይለዋወጣሉ። ከሁለቱ የሚጫወተው ትልቁ ሰው ነው፤ ቁም ነገር የያዘው ልጁ ነው።

ስምን መጻፍ

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሐሰተኛ ካርቶን ከሚያዘጋጁት መካከል እውነተኛ ሙያ ያላቸው ይገኛሉ። ቅርጽ ማውጣት፣ ማተም፣ ቀለም ማዛመድ ችሎታ ነው። ችሎታ ያለው ሰው ስለምን በሌላ ስም ይሸሸጋል? ትርፉ አንዱ ምክንያት መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ከትርፍ የጠለቀ ምክንያትም አለ። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው በሙያው ስም ለዘመናት ተሰድቧል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያሳያል። ስሙ ስድብ የሆነበት ሠሪ ስሙን በሥራው ላይ መጻፍን አልተማረም። ገዢውም በበኩሉ የውጭ ስም ካላየ ገንዘቡን አይፈታም፤ «የአገር ውስጥ ነው» የሚለው ቃል በጆሮው ለዋጋ ቅናሽ እንደ ቀረበ ምክንያት ይሰማዋል። በዚህ ገበያ ውስጥ ሐሰተኛው ሁለት ሰዎችን ይሰርቃል፤ አንደኛው ገዢው ነው፣ ሁለተኛው ራሱ ነው። መልካም የሠራ እንደ ሆነ ምስጋናው ለባዕድ ይሄዳል፤ ክፉ የሠራ እንደ ሆነ ጥፋቱ ባለቤት ያጣል።

እንግዲህ ጥፋቱ የሐሰተኛው ብቻ ተደርጎ ሊተው አይችልም። ስምን ስድብ ያደረገ፣ በኋላም የገዛ ወገኑን ስም በካርቶን ላይ ሲያይ ፊቱን ያዞረ ኅብረተሰብ ከኃላፊነቱ ድርሻ አለው። ይህን መለወጥ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱና በየአውራጃው በተቋቋሙት የትምህርት መርጃ ማዕከሎች መምህራን ከአካባቢያቸው በተገኘ ጣሳ፣ ካርቶንና እንጨት የልብን፣ የምድርን፣ የማሽንን አምሳያ እየሠሩ ያስተምሩ ነበር። የእነዚያ ሥራዎች ዋጋ ዋናውን መምሰላቸው ብቻ አልነበረም፤ ተማሪው ከምን እንደ ተሠሩ ማየቱና እኔም ልሠራው እችላለሁ ማለቱ ጭምር ነበር። የሽቦ አውቶቡስ ይዞ ወደ ክፍል የሚገባ ልጅ ሲገኝ መምህሩ ሊነጥቀው አይገባም። ከምን ሠራኸው፣ ምኑን ተውክ፣ ምኑን መረጥክ ብሎ ይጠይቀው፤ ስሙንም ከሥሩ እንዲጽፍበት ይንገረው። ሠዓሊና ቀራጺም በኤግዚቢሽን አዳራሽ የሽቦና የቆርቆሮ ሥራን ከዘይት ቀለም ሥዕል ጎን ሲያቆሙ ለሠሪዎቹ ችሮታ አደረጉ አይባልም፤ ሙያውን በስሙ ጠሩት እንጂ።

አምሳያ ሁሉ ሁለት ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል፦ ከምን ተሠራህ? ማንስ ሠራህ? የሽቦዋ አውቶቡስ በጎኗ ባለው የጣሳ ጽሑፍ ትመልሳለች። ቅጥቅጡ በስሙ ይመልሳል። በጃፓን ሠሪ ጠረጴዛ ላይ የቆመው ዝገታም ግዙፍ ከመዳፍ ሲገባ በቀላልነቱ ይመልሳል። የሐሰቱ ካርቶን ብቻ ዝም ይላል፤ ወይም ስለ ሌላ ሰው ያወራል። የአገር ውስጥ ሠሪ ሸራውን ፈትኖ፣ የገዛ ስሙን አትሞ፣ ከባዕዱ ሸራ ጎን በአውቶቡስ ተራ መደርደሪያ ላይ ያቆመ ዕለት ከፋብሪካው የቀዳው ቅርጽ ሁሉ የእርሱ ሥራ ይሆናል። በካርቶኑ ላይ ስሙን የጻፈ ሰው ፍሬኑ ያልያዘ እንደ ሆነ የሚፈለግበትን ቤት ጽፏልና፣ መንገደኛው ዓባይን ሲወርድ ሊያንቀላፋ የሚችለው በእንዲህ ያለው ሰው ቃል ላይ ነው።